ባዶ መፈለጊያ ሳጥን አይበቃም፦ ለአሰሳ የሚመች ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አሠራር

ቤተ መጻሕፍት ስንገባ ሁላችንም አንድ ነገር እናደርጋለን። ቆም ብለን ዙሪያውን እናያለን። መደርደሪያው ምን ያህል እንደሆነ፣ ጋዜጣው የት ጥግ እንዳለ፣ የትኛው ክፍል እንደሞላና የትኛው እንደሳሳ በአንድ እይታ እንገምታለን። ማንንም ሳንጠይቅ ብዙ ነገር እናውቃለን። አብዛኛው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ግን እንግዳውን በር ላይ አቁሞ «ምን ፈለግህ?» ይለዋል። ነጭ ገጽ፣ መሃሉ ላይ አንድ ሳጥን። በቃ።

እኔም የመጀመሪያ ሥራዬን የሠራሁት እንደዚያ ነው። የቆዩ ፎቶግራፎችና ደብዳቤዎች ስብስብ ነበር። ሳጥኑ ያምራል፤ ፍጥነቱም ጥሩ ነበር። አንዲት ተማሪ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኩና ዝም ብዬ ተመለከትኳት። እጇን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ዞር ብላ «ምን ልጻፍ?» አለችኝ። ውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቅ ምን ብላ ትጻፍ? ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያ ጥያቄ እስካሁን ስላልለቀቀኝ ነው።

ለመነጋገር እንዲመቸን 12,000 እቃ ያለው አንድ ስብስብ በሐሳባችን እንያዝ። 5,200 ፎቶግራፍ፣ 3,900 ደብዳቤ፣ 1,700 የጋዜጣ እትም እና 1,200 መጽሐፍ አለው እንበል። በይነገጹን፣ ማለትም ሰው የሚያየውንና የሚነካውን ገጽ፣ ደረጃ በደረጃ እንሠራለን።

1. ከመሳላችሁ በፊት ሰው ተመልከቱ

ወደ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት የሚመጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሚፈልገውን ያውቃል። የመጽሐፉን ርዕስ ይዞ ይመጣል፣ አግኝቶ ይሄዳል። ለእሱ ሳጥኑ ይበቃዋል። ሌላው ጉዳዩን ገና እየተማረ ነው። ጥያቄው ራሱ ገና አልጠራለትም። የመረጃ ፍለጋ ተመራማሪው ጌሪ ማርኪዮኒኒ እ.ኤ.አ. በ2006 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የተመራማሪዎች ሥራ ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የዚህን ሰው ሥራ መማርና መመርመር ብሎ ከተራ ፍለጋ ለይቶታል። ሌላዋ ተመራማሪ ማርሻ ቤትስ ደግሞ ቀደም ብላ፣ በ1989፣ ጉዞውን ቤሪ የተባለውን የዱር ፍሬ ከመልቀም ጋር አመሳስላዋለች። ለቃሚው አንድ ቁጥቋጦ ላይ ሁሉን አያገኝም። ከዚህም ከዚያም ትንሽ ትንሽ ይለቅማል። እግረ መንገዱንም የሚፈልገው ነገር ይለወጣል።

ስለዚህ አራት ወይም አምስት ሰው ፈልጉና ስለ በይነገጹ ሳታነሱ ስለ ሥራቸው ጠይቁ። «ለመጨረሻ ጊዜ ስታጠኑ ከየት ጀመራችሁ? ቀጥሎ ምን አያችሁ? የት ላይ ተስፋ ቆረጣችሁ?» የሚሉትን በራሳቸው ቃል ጻፉት። ከመዝገቡ ቃል ጋር አለመግጠሙ አይቀርም። ያ ልዩነት በኋላ ስለሚጠቅማችሁ አታርሙት።

2. ዳታውን ቁጠሩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማምነው በዚህ ነው። የምትሥሉት ማጣሪያና የጊዜ መስመር ሁሉ የቆመው ስለ እያንዳንዱ እቃ በተመዘገበው መረጃ ላይ ነው። ባለሙያዎች ሜታዳታ ይሉታል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ደብሊን ኮር የተባለ መስፈርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረ ሲሆን መሠረታዊ ክፍሎቹ 15 ናቸው፦ ርዕስ፣ ፈጣሪ፣ ርዕሰ ጉዳይ፣ ቀን፣ ዓይነት፣ ቋንቋ፣ መብት እና የመሳሰሉት። ክፍሉ መኖሩ ግን ተሞልቷል ማለት አይደለም።

አንድ የሰንጠረዥ ፋይል ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ነገር ጻፉ። በ12,000 እቃ ውስጥ ስንቱ ላይ ተሞልቷል? ስንት የተለያየ ዋጋ፣ ማለትም በክፍሉ ውስጥ የተጻፈ ቃል ወይም ቁጥር፣ አለው? በብዛት የሚደጋገሙት 20 ዋጋዎች የትኞቹ ናቸው? ይህን ስታደርጉ ስብስቡ ራሱን ይገልጥላችኋል። «ቦታ» የሚለው ክፍል የተሞላው 3,000 እቃ ላይ ብቻ ከሆነ ካርታ ዋና መግቢያ ሊሆን አይችልም። ካርታው ዘጠኝ ሺህ እቃ ይሰውራል። «ርዕሰ ጉዳይ» 7,000 የተለያየ ቃል ካለው ደግሞ እንዳለ ማጣሪያ አታድርጉት። መጀመሪያ ወደ 30 ወይም 40 ሰፊ መደብ ሰብስቡት።

ቀን ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡ። «1925»፣ «1925 አካባቢ»፣ «19??»፣ «ከጦርነቱ በኋላ»፣ «ያልታወቀ»፤ ሁሉም አንድ ዓምድ ውስጥ ተቀላቅለው ታገኟቸዋላችሁ። ሁለት የዘመን አቆጣጠርም ተደባልቆ ሊሆን ይችላል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። መዝጋቢው የጻፈውን ቃል ሳልነካ አስቀምጣለሁ። ከጎኑ ሁለት አዲስ ዓምድ እጨምራለሁ፦ መነሻ ዓመትና መድረሻ ዓመት። «1925 አካባቢ» ከ1920 እስከ 1930 ይሆናል። «19??» ከ1900 እስከ 1999 ይሆናል። ኮምፒውተሩ በሁለቱ ቁጥር ያጣራል። አንባቢው ግን የሚያየው የመጀመሪያውን ቃል ነው። እርግጠኛ ያልሆነውን እርግጠኛ አስመስሎ ማሳየት አንባቢውን ማሳሳት ነው። ቀን የሌለውም እቃ አይጣልም። «ቀን ያልተጻፈለት (840)» ብላችሁ እንደ አንድ መደብ አሳዩት። አንዳንዴ ዕንቁው ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

3. የመጀመሪያው ገጽ ስብስቡን ያሳይ

የኮምፒውተር በይነገጽ ተመራማሪው ቤን ሽናይደርማን በ1996 ለእንዲህ ዓይነት ሥራ አንድ ቅደም ተከተል አስቀምጧል። መጀመሪያ አጠቃላዩን አሳይ። ከዚያ ሰውየው ይቅረብ፣ ያጣራ። ዝርዝሩን ሲጠይቅ ስጠው። ከብዙ ዓመት በኋላም ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ሌላው ተመራማሪ ሚቸል ዋይትሎ ደግሞ በ2015 ስስታም ያልሆነ፣ ያለውን ሳይጠየቅ የሚዘረጋ በይነገጽ ያስፈልጋል ብሎ ተከራክሯል። እኔም በዚሁ እስማማለሁ።

በተግባር መግቢያ ገጹ ላይ እነዚህን አስቀምጡ። ከላይ መፈለጊያው ይኑር፤ መጠኑ ግን ገጹን አይዋጥ። ሥሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስብስቡ ምን እንደሆነ ጻፉ፦ «ከ1890 እስከ 1975 የተዘጋጁ 12,000 ፎቶግራፎች፣ ደብዳቤዎች፣ ጋዜጦችና መጻሕፍት»። ቀጥሎ ለየአሥር ዓመቱ አንድ ዘንግ ያለው የጊዜ ሰንጠረዥ አድርጉ። የዘንጉ ቁመት የእቃውን ብዛት ያሳያል። ዘንጉ ሲነካ ያ ዘመን ይከፈታል። ከዚያ ሰፋፊዎቹ ርዕሰ ጉዳዮች ከነቁጥራቸው ይደርደሩ። መጨረሻ ላይ ከየመደቡ የተውጣጡ 20 ወይም 30 ትንንሽ ምስሎች ይኑሩ።

ምስሎቹን ስትመርጡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቆንጆዎቹን ብቻ ከመረጣችሁ ሰው ስብስቡ የፎቶ አልበም ይመስለዋል። ከስብስባችን ሲሶው ያህል ደብዳቤ ስለሆነ ከ30 ምስል አሥሩ ደብዳቤ ይሁን። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ምስሎቹ ይለዋወጡ።

4. ማጣሪያዎቹን በጥንቃቄ ሥሩ

አንድን እቃ በብዙ ጎኑ መመደብ የቆየ ሐሳብ ነው። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1933 ያወጣው የአመዳደብ ዘዴ በዚህ ላይ የቆመ ነው። አንድ መጽሐፍ አንድ መደርደሪያ ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ስለ አንድ ቦታ፣ ስለ አንድ ዘመንና ስለ አንድ ሥራ በአንድ ጊዜ ሊናገር ግን ይችላል። ኮምፒውተር ይህን ችግር ይፈታል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በማርቲ ኸርስት የተመራው ፍላሜንኮ የተባለ ፕሮጀክት ሐሳቡን በዌብ ገጽ ላይ አሠርቶ አሳይቷል። ዛሬ በየመገበያያ ገጹ በግራ በኩል የምናየው የማጣሪያ ዝርዝር የዚሁ ዘመድ ነው።

አምስት ወይም ስድስት ማጣሪያ ይበቃል። ለኛ ስብስብ፦ ዓይነት፣ ዘመን፣ ርዕሰ ጉዳይ፣ ሰው፣ ቋንቋ። እነዚህን የምመርጠው ዳታውን ስለቆጠርኩ ነው። ከዚያ የሚቀጥሉትን አንድ በአንድ አረጋግጡ።

ከእያንዳንዱ ምርጫ ጎን ቁጥር ይኑር። «ደብዳቤ (3,900)» የሚለው ጽሑፍ ሳይጫኑት ያስተምራል። ምርጫ ሲደረግ የሌሎቹ ቁጥር አብሮ ይታደስ። 0 የሆነውን ደብቁት ወይም አደብዝዙት። ሰው ተጭኖ ባዶ ገጽ ላይ እንዲወድቅ አታድርጉ።

በአንድ ማጣሪያ ውስጥ ሁለት ነገር ሲመረጥ ትርጉሙ «ወይም» ነው። በሁለት ማጣሪያ መካከል ሲሆን ግን «እና» ነው። ፎቶግራፍና ደብዳቤ ከተመረጡ ሁለቱም ይታዩ፤ 9,100 እቃ ማለት ነው። በዚያ ላይ 1930ዎቹ ሲመረጥ ደግሞ የዚያ ዘመን የሆኑት ብቻ ይቅሩ። እዚህ ጋ ብዙ ፕሮግራመር የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። «ፎቶግራፍ» ብቻ ሲመረጥ ከ«ደብዳቤ» ጎን ያለው ቁጥር ወደ 0 ይወርድበታል። ትክክል አይደለም። ደብዳቤም ቢጨመር ስንት እንደሚመጣ ማሳየቱን መቀጠል አለበት። ስለዚህ የአንዱ ማጣሪያ ቁጥሮች ሲሰሉ የራሱ ምርጫ አይቆጠርም። የሌሎቹ ማጣሪያዎች ምርጫ ግን ይቆጠራል።

የተመረጠው ሁሉ ከውጤቱ በላይ በትንንሽ ሳጥን ይደርደር፤ እያንዳንዱም የራሱ ማጥፊያ ምልክት ይኑረው። ሰው የት እንዳለ የሚያውቀው በዚህ ነው። ሞባይል ላይ ማጣሪያው ከሥር የሚወጣ ገጽ ይሁን። የማሳያ ቁልፉም «214 ውጤት አሳይ» ይበል። ገጹን ሳይዘጋው ምን እንደሚያገኝ ይወቅ።

5. መፈለጊያ ሳጥኑም የራሱ ሥራ አለው

ቃላት ሲጻፉ ከሥር የሚወርዱ ጥቆማዎች ይኑሩ። ጥቆማው ዓይነቱንም ይናገር፦ ሰው ነው፣ ቦታ ነው ወይስ ርዕሰ ጉዳይ? በመጀመሪያው ደረጃ ከሰዎቹ አፍ የጻፋችሁት ቃል እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመው። መዝገቡ «ተሽከርካሪ» ሲል ሰው «መኪና» ብሎ ከጻፈ ሁለቱን አገናኟቸው።

በአማርኛ የተጻፈ ስብስብ ከሆነ የፊደል ነገር አለ። «ሥዕል» እና «ስዕል»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው። መረጃ ጠቋሚው (ኮምፒውተሩ የሚፈልግበት የቃላት ዝርዝር) ሲዘጋጅ ሀ፣ ሐ እና ኀን ወደ አንድ፣ ሰ እና ሠን ወደ አንድ፣ አ እና ዐን ወደ አንድ፣ ጸ እና ፀንም ወደ አንድ መልሷቸው። ፈላጊው የጻፈውንም በዚያው ሕግ አሳልፉት። የሚታየው ጽሑፍ ግን አይነካ።

ምንም ካልተገኘ «ውጤት የለም» ብላችሁ አትዝጉ። የትኛው ማጣሪያ እንደከለከለው ንገሩት፦ «1930ዎቹ የሚለውን ብታነሱ 14 ውጤት አለ»። ይህች አንዲት መስመር ተስፋ ቆርጦ ሊሄድ የነበረን ብዙ ሰው ትመልሳለች።

6. ውጤቱ ሽታ ይኑረው

ፒሮሊና ካርድ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰው መረጃ ሲፈልግ ምግቡን እንደሚያስስ እንስሳ ነው ብለዋል። በሽታ ይመራል። የሊንኩ ቃል ወይም ትንሿ ምስል ወደ ፍሬው የሚወስድ ከመሰለው ይከተላል። ካልመሰለው አቅጣጫ ይቀይራል።

«ደብዳቤ 0417» የሚል ርዕስ ሽታ የለውም። ርዕሱን መቀየር ባትችሉ እንኳ ከሥሩ ማን ለማን እንደጻፈ፣ መቼና ስለምን እንደሆነ በአንድ መስመር አሳዩ። የተፈለገው ቃል የተገኘበትን ዓረፍተ ነገር ቁረጡና ቃሉን አድምቁት። ከምስል በማሽን ተነቦ የተገኘ ጽሑፍ ስሕተት አያጣም። ስለዚህ ጽሑፉ በማሽን የተነበበ መሆኑን ግለጹ፤ ዋናውን ምስልም አጠገቡ አድርጉ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትሮቭ በተባለው ገጹ ላይ አንባቢዎች የቆዩ ጋዜጦችን ጽሑፍ እንዲያርሙ ፈቅዷል። አቅም ካላችሁ ልትከተሉት የሚገባ መንገድ ነው።

7. የአንዱ እቃ ገጽ መስቀለኛ መንገድ ነው

ብዙ ጎብኚ በመግቢያው አይመጣም። ከጉግል ቀጥታ አንዲት ፎቶ ላይ ያርፋል። መግቢያ ገጻችሁን በጭራሽ ላያየው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ የእቃ ገጽ እንደ ትንሽ መግቢያ ይታሰብ።

ምስሉ ትልቅ ይሁን፤ ቀርቦም ይታይ። ትልልቅ ምስሎችን ቆራርጦ የሚታየውን ክፍል ብቻ የሚልክ ትሪፕል አይ ኤፍ የተባለ መስፈርት አለ። ደካማ ኮኔክሽን ላለው ሰው እፎይታ ነው። ከምስሉ ሥር ያለው መረጃ ሁሉ የሚነካ ይሁን። የፎቶ አንሺው ስም ወደ ሌሎች ፎቶዎቹ፣ ዓመቱ ወደ ዘመኑ፣ ርዕሰ ጉዳዩ ወደ ወንድሞቹ ይውሰድ። ከአጠገቡም ቁጥር ይኑር።

«ተዛማጅ» የሚል ረድፍ ስታስቀምጡ ለምን እንደተዛመዱ ተናገሩ። «በዚሁ ሳጥን ውስጥ የነበሩ»፣ «በዚሁ ሰው የተጻፉ»፣ «በዚያው ዓመት»። ምክንያቱ ሲጻፍ አንባቢው የሚከተለውን መንገድ ራሱ ይመርጣል። እኔ በተለይ የመጀመሪያውን እወደዋለሁ። ወረቀቶቹ አብረው የተቀመጡት በምክንያት ነበር። ዲጂታል ሲሆኑ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ጉርብትና ነው።

መብቱንም በግልጽ ቋንቋ ጻፉ። በነፃ መጠቀም ይቻላል? ማስፈቀድ ያስፈልጋል? ሰው ይህን ለማወቅ ሌላ ገጽ መክፈት የለበትም።

8. ካርታና ሥዕላዊ ነገር

እዚህ ላይ አጭር ነኝ። ካርታና የግንኙነት መረብ ዓይን ይስባሉ፤ ጥያቄ ካልመለሱ ግን ይተው። ካርታ ካደረጋችሁ «9,000 እቃ ቦታ ስላልተጻፈለት እዚህ አይታይም» ብላችሁ ጻፉ፤ ወደ እነሱ የሚወስድ ሊንክም ስጡ። ቀይና አረንጓዴን ብቻ እንደ መለያ አትጠቀሙ። ብዙ ሰው ሁለቱን አይለይም።

9. መንገዱን አስታውሱለት

ፍሬ ለቃሚው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሌላ ቀንም ይመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ የማጣሪያ ሁኔታ የራሱ አድራሻ ይኑረው። አድራሻውን ገልብጦ ለጓደኛው ሲልክ ያው ገጽ ይከፈት። የመመለሻ ቁልፉ አንድ እርምጃ ብቻ ይመልሰው። አንድ እቃ አይቶ ሲመለስ ዝርዝሩ ጫፍ ላይ ሳይሆን ቅድም የነበረበት ቦታ ላይ ይድረስ። ማለቂያ የሌለው ስክሮል ይህን በቀላሉ ስለሚያበላሽ እኔ በገጽ ቁጥር መከፋፈልን እመርጣለሁ። የወደደውን የሚያስቀምጥበት ቅርጫትም ይኑር። አካውንት ክፈት ብላችሁ ግን አታስገድዱት።

10. ፍጥነትና ተደራሽነት

የበይነገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን ያስታወሳቸው ሦስት ወሰኖች አሉ። እስከ 0.1 ሰከንድ ሰው መልሱ ወዲያው የመጣ ይመስለዋል። እስከ 1 ሰከንድ ሐሳቡ አይቋረጥም። ከ10 ሰከንድ በላይ ትኩረቱ ይሄዳል። ማጣሪያ በ1 ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰ ሰው መሞከር ያቆማል፤ መሞከር ካቆመ ደግሞ አሰሳ የለም። ብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ምን እንደሚሆንም አስቀድማችሁ ሞክሩ። ዩሮፒያና የተባለው የአውሮፓ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 2008 ሲከፈት ከጎብኚው ብዛት የተነሳ አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር።

ሁሉም ነገር በኪቦርድ ብቻ ይሠራ። የጽሑፍና የጀርባ ቀለም ንፅፅር ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን። ለምስሎቹ አማራጭ ጽሑፍ፣ ማለትም ምስሉን ለማያይ ሰው በቃል የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ይጻፍ። ቁጥሩ ሲታደስም ስክሪን ላይ ያለውን የሚያነብ ሶፍትዌር ይስማው።

11. ፈትኑ

በአንድ ዙር አምስት ሰው ይበቃል። ፈትኑ፣ አስተካክሉ፣ እንደገና በሌሎች አምስት ፈትኑ። የምትሰጡት ሥራ የአሰሳ ሥራ ይሁን። «የ1932ን ጋዜጣ አግኝ» የፍለጋ ሥራ ነው። «ስለ ሴቶች ሥራ ለጓደኛህ የምታሳየው ሦስት ነገር ምረጥ» ግን አሰሳ ነው። በጥያቄያችሁ ውስጥ ገጹ ላይ ያለውን ቃል አትጠቀሙ። «ርዕሰ ጉዳይ ምረጥ» ካላችሁ መንገዱን ነግራችኋቸዋል።

ሰዓትን ብቻ አትለኩ። አሰሳ ላይ ረጅም ጊዜ የቆየ ሰው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ተመስጦም ሊሆን ይችላል። እኔ ከ15 ደቂቃ በኋላ ስክሪኑን እዘጋና እጠይቃለሁ፦ «እዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ምን በብዛት አለ? ከየት ዘመን ነው? ምን የለውም?» መልሱን ሁለተኛው ደረጃ ላይ ከሠራሁት የቆጠራ ሰንጠረዥ ጋር አስተያያለሁ። ሰውየው «አብዛኛው ፎቶ ነው፣ ደብዳቤም ብዙ አለ፣ ከ1960 በኋላ ግን ይሳሳል» ካለኝ በይነገጹ ሠርቷል። «ብዙ ነገር አለው» ብቻ ካለኝ ወደ ሦስተኛው ደረጃ እመለሳለሁ።

ከተከፈተ በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ዝርዝር አውጡ፦ ሰዎች ጽፈው ምንም ያላገኙባቸውን ቃላት። ከላይ ያሉትን 20 ቃላት አንድ በአንድ እዩ። እቃው እያለ በሌላ ስም ከተመዘገበ ቃሉን አገናኙ። በእርግጥ ከሌለ ደግሞ መግቢያው ላይ ባለችው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስብስቡ ምን እንደማይጨምር ጻፉ።